ዶሮዋ አልወረደችም

ሃያ ስድስት ክረምት ከባሕር ዛፉ ሥር፣
ጎማዋን አፈር ውጦት፣ ጋቢናዋን ሣር፣
ስፖንዳዋ ላይ ዝናብ እየታቆረባት፣
የአጎታችን ፒካፕ ቆመች፤ ማንም ዞር ብሎ ሳያያት።

ማንም ስል ግን ዶሮዋን ረስቼ ነው፤
የወንበሩን ሞላ አልጋ ካደረገችው
ስንት ዘመኗ ነው! እናቷም፣ የእናቷ እናት፣
እዚያው ተፈልፍለው እዚያው አረጁበት።

እኔ ከፖስታ ቤት፣ እህቴ ኔሊዳ ከወተት ፋብሪካ
በአንድ ዓመት ጡረታ ወጣን፤ እጃችን ሥራ ቢያጣ መፍቻ ነካ።
መጀመሪያ ዶሮዋን ከወንበሩ አስለቀቅናት፤
ሦስት ቀን አኮረፈች፤ ማን ይቅርታ ይጠይቃት!

ሦስት ክረምት ፈጀን።
ካርቡራተሩ ከፓይሳንዱ፣ ከአንድ ብረት ለቃሚ፤
የግራው በር ከአንዲት መበለት፣ የባሏን መኪና አስታማሚ፤
ፍሪሲዮኑን እኔ፣ በጀርባዬ ተኝቼ፣
ግራሶ ዓይኔ ላይ ሲንጠባጠብ የማላውቀውን ስድብ አውጥቼ፤
ላሜራውን ኔሊዳ፣ በመዶሻ፣ በትዕግሥት፣
እንደ ልጅ ራስ እየደባበሰች፣ ከዚያ ስትመታው ድንገት።

ቀለሙ ነው ያጣላን።
እኔ ቀይ ነበረች ስል፣ እሷ ሰማያዊ ስትል፣
ታርጋውን ብንፈታው፣ ከሥሩ፣ መዳፍ በምታክል
ፀሐይ አይታት በማታውቅ አንዲት ቁራጭ ላሜራ
አረንጓዴ ተገኘ፤ እንዳልበሰለ ወይራ።
ሁለታችንም ተሸነፍን፤
ሞንቴቪዲዮ ድረስ ሄደን ያንኑ አስቀመምን።

ዛሬ ጧት ውርጭ ነበር።
ቁልፉ ዞረ፤ ዝም። እንደገና ዞረ፤
ሳል። ትንሽ ጭስ። ከዚያ መሬቱ ተሸበረ፤
ስድስቱም ካንዴላ፣ ልክ እንደ ዕድርተኛ፣
ከተጨቃጨቁ በኋላ ተስማሙ ከእኛ።

“ከሦስተኛ ማርሽ እንዳታልፊ” አለች፤ “እስከ ድልድዩ ብቻ።”
መሪ ጨበጥሁ፤ ከሥሬ ትራስ የሆነኝ የበግ ፀጉር ስልቻ።

ወጣን።
አጥሩ ሄደ፤ የውኃ ማማው ሄደ፤ በጎቹ “ምን መጣ?” አሉ፤
ከጎማው ሥር ጠጠሮች እንደሚቆላ ሽምብራ ዘለሉ።
አንድ ከብት ነጂ በፈረስ መጣ፤ ፈረሱ በረገገ፤
ሰውዬው ባርኔጣውን አንሥቶ፣ ለእኛ ሳይሆን ለኮፈኑ አደገደገ።

ዶን ኦልሚሮ ከደጁ፣ ማቴውን በብረት ቀሰም እየመጠጠ፣
“ፍሬቻ የላትም!” ብሎ ጮኸ፤ ድምፁ መሐል ላይ ተቆረጠ።
የአጎታችንን መቃብር የቆፈረው እሱ ነው።
ክላክስ አደረግሁለት።

ድልድዩ መሐል ስንደርስ ጠፋች።
ሞተር ሲጠፋ ወንዝ ይሰማል። ኔሊዳ አልተነፈሰችም፤ ሰዓቷን አየች።
ያኔ ከኋላ፣ ከገመዱ ጥቅል፣ “ቋቅ!”
በትንሿ መስኮት ዞሬ ባይ፣ ዶሮዋ ናት፤
ሰባት ኪሎ ሜትር ሙሉ ማን ቲኬት እንደ ቆረጠላት!
ላባዋን ነፍታ፣ ፊቷን እንደ አከራይ ቋጥራ፣
“ደግሞ ምን ሆናችሁ?” የምትል መስላ፣ በአንድ ዓይኗ ጠርጥራ።

ሳቅን። ሳቋን ሳትጨርስ ኔሊዳ ወረደች፤
ቱቦውን ነቀለች፣ በአፏ ነፋችው፣ ቤንዚን ተፋች፤ “አሁን ሞክሪ” አለች።
አንዲት የዝገት ቅንጣት ነበረች፣ የሰናፍጭ ፍሬ ያህል፤
ከዚያ ሁሉ ዘመን ለእኛ የተረፈች ድርሻ ትመስል።

ስመለስ አራተኛ አስገባሁ። ኔሊዳ በመስኮቷ
ሜዳውን ታያለች፣ እንዳልሰማች፤ ነፋስ ገብቶበት ሽበቷ።

ግቢ ስንደርስ የኋላውን ስፖንዳ ከፈትን፤
“ውረጂ” አልናት፤ በቆሎ አሳየናት፤ ለመንን።
ፍንክች ወይ! ኔሊዳ እጇን ከሥሯ ሰደደች፤
እንቁላል፣ ትኩስ፣ አንዲት ስንጥቅ እንኳ ያላወጣች።
አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ጠጠር፣ ጉድጓድ፣ ድልድይ!
“ባሌስትራው ደኅና ነው” አለች፣ ወደ ፀሐይ አንሥታ ስታይ።

ሊብሬው በእኛ ስም ነው፤ ማኅተሙ ገና አልደረቀም።
ዶሮዋ ግን ሊብሬ አታነብም፤
አልወረደችም።