ቀይ ኮከብ

ጦሳ ጉም ደርቦ ፒያሳ ሲጨልም
የውሃ ቢሮውን ቅጽ እሠራለሁ እኔም፤
ስም፦ አንድ ሳጥን። ስልክ፦ አንድ ሳጥን።
የቤት ቁጥር ላይ ቀይ ኮከብ አኖርኩበት፣
ግዴታ ነው ብዬ፣
ከአኃዝ በቀር ምንም እንዳይገባበት።

በማግስቱ ወይዘሮ ጦይባ ይመር መጡ፣
ስልካቸውን ከመቀነታቸው እየፈቱ፤
«ይኼ ነገርህ ቤት የለሽም አለኝ» አሉና ተቀመጡ።
«ቤቴማ አለች! ከቧንቧ ውሃ ሽቅብ፣ ከወፍጮው ጀርባ፣
ቆርቆሮዋ ሰማያዊ፣ ደጃፏ ላይ ኮባ፤
የቁጥሯን ታርጋ ግን የሐምሌ ጎርፍ ወሰዳት፣
ቦርከናን ጠይቀው፣ የት እንዳደረሳት።»

ምን ልመልስ? ማስተካከያውን ከፈትኩ፤
ኮከቡን ነቀልኩ፣ ለፊደል ፈቀድኩ፣
ሳጥኑን አሰፋሁት፣
ከሥሩ «ቤትዎን እንደሚያውቁት ይንገሩን» ብዬ ጻፍኩበት።

እስከ ዓርብ ሠላሳ ሰባት ሰው ሞላው፦
«ከእንጨት መሰንጠቂያው ቁልቁል፣ የድንጋይ ደረጃው ሲያልቅ»፣
«ሰኞ ገበያ፣ ውሻ ያለበት ግቢ፤ አትፍሩ፣ አርጅቷል»፣
አንዷማ፦ «ውሃው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚመጣ፣
ያኔ ኑ፣ ነቅቼ ታገኙኛላችሁ።»

አንድ ነገር ቀረኝ፤
«ላክ» ሲሉ ብቅ የሚለው ቃል።
«ሰምተናል» ብዬ ነበር፤ ጣቴ ግን ያመነታል፤
መስማትማ የሚታወቀው
ቧንቧው ሁለቴ አስነጥሶ፣ ባልዲው ሲጮኽ ነው።
ሰረዝኩት።
«ደርሶናል» አልኩ።
ይኼን ያህሉን እኔ እምላለሁ፤
የቀረውን ቧንቧው ይናገር።