የውሃ ገበያ

ጨረቃ ስትሞላ ወንዙም ይሞላና
ይጋደማል መጥቶ በካን ቶ ጎዳና።
ሞተሩን እየገፋ፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣
የሰፈሩ ሰው ሁሉ ይቆማል ደጄን ከቦ።

ካንዴላ እፈታለሁ፣ እፍ ብዬ አደርቃለሁ፤
ካርቡራተር ገልብጬ ጭቃ አፈሳለሁ፤
አንድ ቀን ከማርሚታ፣ ነፍሷ ያልወጣ፣ ጣት የምታክል ዓሣ አውጥቻለሁ።

እንቁላል ሻጯ ቱየት ማታ ላይ ደረሰች፤
ቅርጫቷ ተገልብጦ አስኳል ለብሳ መጣች።
«ስንት ነው?» አለችኝ።

ትናንት ሌሊት እኮ፣ ጣራዬ ላይ ወጥቼ፣
«ሙዪ» ብያታለሁ፣ ጨረቃዋን አይቼ።

ዘይት በነካው እጄ ፊቴን እያበስኩኝ
«በሚመጣው ወር ትሰጪኛለሽ» አልኩኝ።

ሞተሩን አስነስታ፣ ዞር ብላ ሳቀች፤
በሚመጣውም ወር ጨረቃ ትሞላለች።