ጠራጊዋ

ስኮርቮግ ወደብ ላይ፣ ከዓሣ ፋብሪካው ኋላ፣
አርባ ዓመት ተኛች፣ ጎኗን ለጭቃ ጥላ።
«ታይስት» ነው ስሟ፤ እንደዚያች የባሕር ወፍ፣
ጥቁር ላባ ለብሳ በቀይ እግር እንደምትቀዝፍ።
መድፍ መተኮስ አልነበረም የመርከቢቱ ሙያ፤
ፈንጂ ጠራጊ ነበረች፣ የባሕር መጥረጊያ።

ጦርነቱ አልቆ፣ ደወሉ ተደውሎ፣
ሰው ሁሉ ሲጨፍር ባንዲራውን ሰቅሎ፣
እሷ ግን ወጣች፣ ልትጠርግ ባሕሩን፣
ዓሣ አጥማጅ ሳይፈራ እንዲጥል መረቡን።
ጥቅምት ላይ፣ ማክሰኞ፣ ጎህ ሊቀድ ሲል ገና፣
አንድ የተረሳ ፈንጂ አገኛትና
ዘጠኝ ሰው ሞተባት። የቀረ አካሏን ጎትተው አመጡት፤
ከፋብሪካው ኋላ ለጭቃ አስረከቡት።

አደባባዩ ላይ ሐውልት ከቆመ ቆይቷል፤
የጦር ሟቾች ስም በድንጋይ ተጽፏል።
የእነሱ ግን የለም።
«ጦርነቱ» አሉን፣ «በግንቦት አብቅቷል።»

እኔ ሒሳብ ያዥ ነኝ። ቀድሞ የሠራሁት፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዓሣ ነው የቆጠርሁት።
አሁን በሰማያዊ ደብተር የሰጪ ስም እጽፋለሁ።
ከሲቨርት ዳቦ ቤት ሃምሳ ክሮነር፣ ከነዱቄቱ።
ከትምህርት ቤት ልጆች አንድ ጣሳ ሳንቲም፣
ከሳንቲሙ መሃል አንድ የካፖርት ቁልፍም።
ቁልፉንም ጻፍሁት።
አሮጊቷ ኦድላውግ የሟች ባሏን የጀልባ ሞተር አመጣች፤
በጋሪ ገፍታ፣ በዝናብ፣ ብቻዋን መጣች።
ለመርከባችን ያንሳል፤ ተቀበልናት ግና፣
ዓይኗን አይቶ እንቢ የሚል አንደበት የለንምና።
ደግሞ በየወሩ፣ በአሥራ አራተኛው ቀን፣
ሁለት መቶ ክሮነር አለ፣ ስም ሳይዝ የሚደርሰን።
ባንክ ቤት ብጠይቅ ይነግሩኝ ነበር፤
አልጠየቅሁም።
የጡረታ ገንዘብ በአሥራ ሦስት ይከፈላል፤
ያን ያህል ሒሳብ አውቃለሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ እንሰበሰባለን፤
ዝገት እንፍቃለን፣ ዝገት እንውጣለን፣
ማታ ከቅንድባችን ዝገት እናራግፋለን።
ደረቷ ላይ ያለው ቀዳዳ በሬ ያሳልፋል።
ማግንሂልድ በያጅ ነች፤ በእሳት መርፌ ትሰፋለች፤
ሳትሳደብ ብረት አትነካም፤ ተሳድባ ትስቃለች።

ኢሊፍ ግን ዝምተኛ ነው፤ ሰባ ሊሞላው ነው።
መፋቂያውን ይዞ ወደ ወጥ ቤቱ ይወርዳል፤
ሰው ሊረዳው ሲመጣ «ይበቃል» ይላል።
ያን የጥቅምት ሌሊት (ሹክ ያለኝ ሰው አለ)
የመርከቧ ምግብ አብሳይ
ጥርሱን ታሞ፣ የብስ ላይ ውሎ አደረ።

በሰባተኛው ቀለም ሥር፣ ከምድጃው በላይ፣
በሰንጢ የተጫረ አንድ መስመር ብቅ አለ፦
«ኢሊፍ፣ ጨው ቀንስ።»

ጠርቶ አሳየን። ሳቀ። እኛም ሳቅን።
የእሱ ሳቅ መሃል ላይ እንደ ደረቅ እንጨት ተሰበረ።
ባሕር የጠረገችው ታይስት ቆማ ታያለች፣
እሱ ፊቱን በእጅጌው ይጠርጋል፣ ይጠርጋል፤
ዝገት ገባብኝ ይላል።
ያቺን ስንዝር ግድግዳ አልቀባናትም።

ሆዷን ግን ቀይ ቀባን፣ እንደ ወፏ እግር።
በጥቅምት፣ በማክሰኞ፣ ገና ሳይነጋ፣
ዘጠኙን ስም በነሐስ ሰቀልን በራሷ ደረት።
ከንቲባው አልመጣም፤ አበባ ልኳል።
አበባውንም ጻፍሁት።

አሁንም ታፈስሳለች።
ማግንሂልድ በሰፋችው አጠገብ ሌላው ይተረተራል፤
እርጅና ነው፣ ምን ይደረግ።
በየማለዳው አንዳችን ፓምፕ እንገፋለን፤
ዛሬ ተራው የኔ ነው፤ እጄ በርዶታል።
ሒሳብ ያዥ ነኝና መዝጋት ነበር የማውቀው፤
ይህ ደብተር ግን አይዘጋም።
ባሕሩ ይገባል።
ባሕሩን እመልሳለሁ።