የመርፌው ቃል

የኔ ሥራ መርፌ ነው፤ ቀሚስ የማይሰፋ፣
መስታወት ውስጥ ሆኖ ከውሃ ጋር የሚለፋ።
በሙስኮካ ሐይቅ ዳር፣ ከጀልባ ቤት ጓዳ፣
ያረጁ ፍጥነት ቆጣሪዎች እፈታለሁ ማለዳ።

ባለጀልባ ሁሉ አንድ ነው፤ ሲመጣ ይምላል፦
«አያቴ በዚህችው ሃምሳ ማይል ነድቷል!»
አልከራከርም እኔ። የሰው አያት ሁሉ
ሃምሳ ነው የሚነዳው፤ ሠላሳ ነው ውሉ።
መርፌም ባሕርዩ ነው፤ ገዢውን ያውቃል፤
ደስ እንዲለው ብሎ አምስት ይመርቃል።

አንዲት ግን መጣች፣ በመጋቢት ጭቃ፣
ቨርና ሃልዴን፣ ሣጥን አቅፋ፣ ተጠንቅቃ።
ቆጣሪው ከነቧንቧው፣ ከነመዳብ አንገቱ፣
በአባቷ ሹራብ ጥቅል፣ አለ እንደ ጥንቱ።
«አትጠግነው» አለችኝ፤ «ፈትነህ ንገረኝ፤
ስንት ነው የሚዋሸው? ቁጥሩን ብቻ ስጠኝ።»

ታሪኩን ሐይቁ ያውቃል፤ ስልሳ ዓመት አልፎታል።
በነሐሴ ነው፣ ፀሐይ ልትጠልቅ፣ ውሃው ነሐስ መስሏል፤
ኤልዉድ፣ የቨርና አባት፣ በማሆጋኒ ጀልባ
ከደሴቷ ጀርባ ጠባቡን ሲገባ፣
ታንኳ ነበረች፣ ብርሃን የሸፈናት፤
ፔርሲ ላንግ የሚባል ጎረምሳ ነበረባት።
ቀሪውን አልጽፍም። ውሃው ተገጣጠመ።

ዳኛ ፊት ሲቀርብ እጁን አንሥቶ ማለ፦
«አሥራ አምስት ነበርኩ፤ መርፌው እንዲያ አለ።»
ከዳር የነበሩት፣ ያዩት ሁሉ ግን
«በረረ» አሉ እንጂ። ማን ሊሰማ መርፌውን!
ቅጣቱን ጨረሰ፤ ስሙ ግን ታሰረ፤
«አሥራ አምስቱ» ተብሎ እስኪሞት ኖረ።
ዛሬም በመንደሩ፣ ሲዋሽ ሲያዝ አንዱ፣
«ይሄ የኤልዉድ አሥራ አምስት ነው» ይላሉ በመንገዱ።

እንግዲህ መሣሪያው እንዲህ ነው ነገሩ፦
ቀጭን ቱቦ አለች ከጀልባዋ ሥሩ፣
አፏን ወደ ፊት ከፍታ ውሃ የምትጎርስ፤
ግፊቱ በመዳብ ይወጣል እስከ መርፌው ድረስ።
ግፊት ግን ፍርደ ገምድል ነው፦ ፍጥነት እጥፍ ቢሆን
እሱ አራት እጥፍ ይጮኻል፤ ጥቂት ካፈሰሰ ደግሞ ድምፁን
ይውጠዋል።

ቧንቧውን በመብራት ዳበስኩት፣ ዝግ ብዬ፤
ከመጋጠሚያው ላይ ቆመ ጥፍሬ፦
ጸጉር የምታህል ስንጥቅ፣ አረንጓዴ ያበቀለች፣
ከእኔ ዕድሜ የምትበልጥ፣ ዝም ብላ የኖረች።
ቨርናን አየኋት። ቀለሟ ተለወጠ።
«እናቴ» አለች፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ፣
«ከአባቴ ጎን ስትቀመጥ፣ በጠራ ቀን እንኳ፣
ቀሚሷ ጉልበቷ ላይ ይርስ ነበር ለካ!
‹ይሄ ጀልባ ያለቅሳል› ትለን ነበር፣ ስቃ።»

ውሃ ዓምድ ላይ ሰቅዬ ሃያ ዘጠኝ ሰጠሁት፤
አሥራ አምስት አለ መርፌው። ሦስቴ ደገምኩት።
አሥራ አምስት። አሥራ አምስት። አሥራ አምስት ደግሞ።

«አልዋሸም ማለት ነው?»
«አልዋሸም።»
«ግን ፈጥኗል።»
«አዎ፤ በጣም ፈጥኗል።»
ደስ ያላት አልመሰለኝም፤ ያዘነችም አልመሰለኝ፤
ሹራቡን አጣጠፈችና ስንት እንደሆነ ጠየቀችኝ።

በረዶው ሲለቅ፣ ሐይቁን ተሻግራ
ወሰደችው ወደ ኢሶበል፣ የፔርሲ እኅት፣ ከዚያኛው ተራራ።
አሮጊቷ ቆጣሪውን በመዳፏ መዘነች፤
ብዙ ቆይታ፣ ቨርና እንደነገረችኝ፣ እንዲህ አለች፦
«ስልሳ ዓመት ውሸታም ብዬ ስጠላው ኖሬ፣
በምን ልጥላው ታዲያ፣ ልጄ፣ ከዛሬ?»
ሻይ አፈላችላት። ሌላ አልተናገሩም።

እኔ ግን ዛሬም፣ ባለጀልባ መጥቶ
ስለ ሃምሳው ማይል ሲምል፣ ደረቱን ነፍቶ፣
አልከራከርም፤ አንድ ነገር ብቻ እጠይቀዋለሁ፦
አጠገብህ የሚቀመጥ ሰው
ጉልበቱ ይርሳል?