የጦሩ ዋጋ

አንቺን የምወጋበት ጦር የተሠራው
ካባትሽ መዶሻ፣ ካንቺው ወናፍ ነው።
ቀን የናቃችሁ ሰው፣ ማታ የፈራችሁ፣
ማረሻው ሲዶለዱም ይቆማል ደጃችሁ።
እኔም ቆምኩ ሦስት ቀን ከግራሩ ጥግ፣
አፍንጫዬን ሸፍኜ፣ እንደ አዳኞች ወግ፤
ኪሴ ውስጥ ጤና አዳም፣ አንገቴ ላይ ክታብ፣
«ዓይኗን እንዳታይ!» አለቃ ያሉኝን ሳስብ።

ዓይንሽን አላየሁም። ያየሁት እጅሽን፣
ያንን ጥላሸታም፣ ያን ብርቱ ክንድሽን፣
ወናፉን ስትነፊ፣ ግራ ሲል ቀኝ ሲል፣
የእሳቱ ምላስ እስከ ጣራው ሲዘል።

«ለምንድን ነው?» አልሽኝ ቀና ሳትይ ከሥራ።
«ለጅብ ነው» አልኩሽ፣ ድምፄ እየፈራ።
«ለጅብ ከሆነማ» አልሽ ፈገግ ብለሽ፣
ጫፉን ራስሽ ሳልሽው፣ አግለሽ ነክረሽ፤
ውኃው ላይ ፉጭ ሲል አንድ ነገር ሹክ አልሽው፤
ጸሎት መስሎኝ ነበር። ስምሽን ነው የነገርሽው።

ነገሩ እንዲህ ነበር፦
የግራዝማች ቤት ልጅ ማንጠግቦሽ ታመመች፣
ከሁዳዴ መያዣ እህል አልቀመሰች።
ጨርቅ አጨሱባት፣ ካፍንጫዋ ሥር ደቅነው፣
«ማን በላሽ? ልፍልፊ!» በአርጩሜ ሸንቁጠው።
የማን ስም ትጥራ? ልጅ ናት፣ ጨነቃት፤
ያን ሰሞን ሽምብራ ቆሎ ማን ሰጣት?
«ትርንጎ» አለች።
በቃ።
የላም ጡት ነጠፈ፣ ጠላው ሳይፈላ ቀረ፣
የዲያቆኑ ድምፅ ጎረነነ፤ ሁሉም ባንቺ ተቆጠረ።

አለቃ ምሕረቱ ከቁስቋም ሥር ጠሩኝ።
ዐሥራ ሰባት ዓመቴ፤ ጢም የለኝ፣ አባት የለኝ።
«ካደንካት ሰው ትሆናለህ» ብለው አማለሉኝ።
«ማታ አመድ ላይ ተንከባልላ ጅብ ሲሆን ሰውነቷ፣
የብር ሎቲዋን አታወልቅም፤ እሱ ነው ምልክቷ።»

አንገረብ ወንዝ ዳር፣ ከግንቡ ቁልቁል፣
ተኝቼ ጠበቅሁ ከድንጋይ መሐል።
ከአርባ አራቱ ደብር አንድ ደወል አልነቃ፣
ጨረቃዋም ዘግይታ ብቅ አለች በወለቃ።
መጡ።
ሦስት፣ አራት ሆነው፣ አጥንት እየሰበሩ፣
አንዷ ግን ቆመች፤ ሌሎቹ ቁልቁል ሲበሩ።
በግራ ጆሮዋ ላይ ብልጭ አለ አንድ ነገር፤
ሎቲ! የብር ሎቲ! ልቤ ወጣ ካገር።

ወረወርኩ።
ጦሩ ሄደ፣ ሄደ፣ ነፋሱን ሰንጥቆ፣
ደረቷ ዘንድ ሲደርስ ጎበጠ እንደ ሰም፣ የነፋችውን ዐውቆ።

እግሬ ከዳኝ። ክታቡ አንገቴን አነቀኝ።
እሷ ግን መጣች፣ መጣች፣ አሸተተችኝ፤
የከሰል ሽታ አላት። አልነከሰችኝም።
ጦሩን በጥርሷ ይዛ ወጣች፤ ዞራም አላየችኝም።

ሲነጋ መጣሁ። እግሬ ነው ያመጣኝ፤
ጦሩ ተቃንቶ፣ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።
ቀጥ ብሏል እንደ ጧፍ። ሶማያው ላይ ብቻ
አራት የጥርስ ምልክት፤ ሁለት ወዲህ፣ ሁለት ወዲያ፣ አቻ ለአቻ።

«ማቃኛው ሁለት ጠገራ» አልሽ፣ ቀና ሳትይ።
ሎቲሽ ላይ ጤዛ ነበር፤ የሌሊት ጤዛ፣ ገና ያልነካው ፀሐይ።
«ገንዘብ የለኝም።»
«እንግዲያ ና፣ ወናፉን ያዝ።
አትታገለው፤ ትንፋሹን ተከትለህ ተጓዝ።»

ያኔ ዓይንሽን አየሁት። እንቅልፍ ያጣ ነው፤ ጢስ ያቀላው።
«ደህና አደርሽ?» አልኩሽ። አፍሽ ለመመለስ ጊዜ ፈለገ፤ ልማድ የለው።

ክረምቱ ወጣ። ለመስቀል ሳምንት ሲቀረው
አንድ ልጅ መጣ፤ ግራሩ ሥር ነው የቆመው።
አፍንጫውን ሸፍኗል። ኪሱ ጤና አዳም ይሸታል።
«ጦር» አለ። መሬት መሬት ያያል።
«ለምንድን ነው?» አልኩት እኔ።
«ለጅብ።»
ፊቴን አዞርኩለት፤ እንዲያየኝ፣ ቀረብ እንዲል።
አላየኝም። ዓይኔን እንዳያይ ተነግሮታል።

«ለጅብ ከሆነማ» አልኩ፤ ወናፉን አነሣሁት።
ግራ ጆሮዬን ያሳክከኛል፤ ትናንት ነው የተበሳሁት።