አሥራ አንድ ሰከንድ

ምርጫ ሊደርስ ሲል፣ በሐምሌ ሐሩር፣
ምክትል ሚኒስትሩ መጣ እኛ ሰፈር፤
ነጠላ አልብሰውት ከሱፍ ኮቱ በላይ፣
ላቡ በአንገቱ ዙሪያ ጠብ ጠብ ሲል ይታይ።

ቂርያት ጋት፣ ከወጣቶች ማዕከል አዳራሽ፣
ለተማሪ ሽልማት ሊሰጥ ቆመ፤ ካሜራው ፊቱ፣ ካሜራው ደግሞ ከኋላው ሽሽ።
እንጉዳይ ልጄን ጠራት፣ ስሟን ከወረቀት እየተንተባተበ፤
ጨበጣት። ሰጣት። ቀጥሎ ማይኩን ወደ አፉ ሳበ፦
"እነዚህ ሁሉ ልጆቼ ናቸው!" አለ፤
አዳራሹ በጭብጨባ ተናጠ፣ ደመቀ፣ ዋለለ።

ልጄ ወረቀቷን ገለበጠች፣ ከደረቷ አጥብቃ ያዘች፣
"ልጅህ ከሆንኩ፣ ስሜ ማነው?" ብላ ጠየቀች።
ሌላ ምንም አላለች።
አልጮኸች፣ አልተሳደበች።

ፈገግታው፣ ባለቤቱ እንደ ረሳው ዣንጥላ፣ ፊቱ ላይ ቀረ፤
ወደ ረዳቱ ዞረ፤ ረዳቱ ወደ ጫማው ዞረ፤
ከኋላ አንድ ልጅ በስልክ ይቀርጽ ኖሮ፣
አሥራ አንድ ሰከንድ ዝምታ ተቆጠረ።

እኔ ያን ሌሊት ካሮት ማሸጊያው ላይ ተረኛ ነበርኩ።
ግሪሻ ስልኩን ዓይኔ ድረስ አምጥቶ "ያንተ አይደለችም?" አለኝ፤ አየሁ፤
አፍንጫዋ የኔ፣ ግትርነቷ የናቷ።
እስኪነጋ ሦስት መቶ ሺህ ሰው አይቷት።

እስከ ዓርብ ጥያቄዋ በካናቴራ ታትሞ ወጣ፤
አንዱ በውሻው አፍ "ስሜ ማነው?" አሰኝቶ መጣ፤
የሚኒስትሩ ቢሮ "ልጅቷን ያሳሳታት አለ" የሚል መግለጫ አወጣ።
ጋሽ አለልኝም በሬን አንኳኩቶ፣ ሳይቀመጥ፦
"ነጠላ ያለበስነውን እንግዳ ታዋርድ?" አለኝ በቁጣ።

ሰንበት ሲወጣ፣ ማታ፣ ወጥ ቤት ወንበር ላይ፣
"የጻፉልሽን እስቲ አንብቢልኝ፣ እንጉዳይ።"
ዕብራይስጡን እሰማለሁ፤ ፊደሉ ነው የሚያመልጠኝ።
ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ የባንኩም፣ የሐኪሙም ቃል በሷ አፍ ነው የሚደርሰኝ።

ጣቷ መስታወቱን ይገፋል፣ ይቆማል።
"ይሄኛው 'ጎበዝ ነሽ' ይላል።"
አሜን።
"ይሄኛው... 'አባትሽ በደንብ አሳድጎሻል'።"
አሜን።
"ይሄ ደግሞ 'ዕድሜ ይስጥሽ' ይላል።"
አሜን፤ ታዲያ ዕድሜ ሲሰጡሽ አገጭሽ ለምን ይንቀጠቀጣል?
ምርቃቱ አንድ መስመር፤ ዓይንሽ ግን ሰባት መስመር ይወርዳል።

አራተኛ ክፍል ሳለች፣ መምህሯ እጇን እያወናጨፈች ስትቆጣ፣
"አባባ፣ በጣም እወዳታለሁ ነው የምትለው" ነበር የሷ ትርጉም፣
ያኔም አሜን አልኩ። ያኔም አልጠፋኝም።

ማንበብ አልችልም ብልም አንዲት ቃል አለች፣
በፊደሏ ሳይቀር የማውቃት፣
የሕንጻችን መግቢያ ላይ በቀለም ተጽፋ ያደረች፣
ልጆቹ ሳይነሡ በቤንዚን ያጠብኳት።
እሷን አየኋት፤ ከልጄ ጣት ሥር፣ ሦስት ጊዜ።
"ይሄስ?" አልኳት።
"ይሄ... 'ሻሎም' ነው፣ አባባ።"
አሜን።

አገር ስገባ የተቀበለኝ ጸሐፊ "ቢያድግልኝ" ከጉሮሮው አልወጣለት፣
"ቤኒ ይሻላል" ብሎ ጻፈ፤ ማኅተም መታበት።
ከኔ በፊት ሁለት የቀበረች እናቴ
ለምና ያወጣችልኝን ስም እንዲህ በአንድ ጠብታ ቀለም፤
ሠላሳ ዓመት ቤኒ ሲሉኝ፣ አቤት ብዬ ኖርኩ፤ አንድ ቀንም
ማነው እሱ? አላልኩም።

እሑድ ንጋት አለቃው በር ላይ ስም ይጠራል።
"ግሪሻ።" "አለሁ።"
"ሱሄላ።" "አለሁ።"
"ቤኒ።"

"ቤኒ!"

ካሮቱ በማጓጓዣው ላይ ይሄዳል።
ሱሄላ ጓንቷን አውልቃ ታየኛለች።
በልቤ እቆጥራለሁ፤ ዘጠኝ፣
ዐሥር፣
አሥራ አንድ።

ማንም አልቀረጸኝም።