የክርስትና ስሜ

ሳልሚያ፣ ስድስተኛ ፎቅ፣ የልብስ ማጠቢያ ጓዳ፤
ራሴ ወደ ማሽኑ፣ እግሬ ወደ ግድግዳ።
በሁለት ሕንፃ መኻል ባሕር ይታየኛል፤
ከዚህ ሆነው ሲያዩት የነጠላ ጥለት ያህላል።

ማዳም አፏ አልቻለም፣ "ሜሪ" ብላ ጠራችኝ፤
ደላላው በፓስፖርቱ ስምም ዕድሜም ቀየረልኝ።
እናቴ ያወጣችው፣ ትርንጎ የሚለው፣
ስልኬ ከተወሰደ ወዲህ ማንም አልጠራው።
አራተኛም ነበረኝ፤ በሰማንያ ቀኔ
ከመጠመቂያው ያገኘሁት፤ ረስቼው ነበር እኔ።

በመጀመሪያው ዓመት ካውያው ነበር መቁጠሪያዬ፤
በየዲሽዳሻው እጅጌ አንድ እግዚኦ፣ አንድ ጌታዬ።
አርባ አንድ ስሞላ ቅርጫቱ ግማሹ ይቀራል፤
ያን ጊዜ እንደገና ከአንድ ይጀመራል።
ደመወዝ አምስት ወር ሲቀር፣ ስልኬ መሳቢያ ሲገባ፣
ወበቁ ትከሻዬ ላይ ሲወድቅ እንደ እርጥብ ካባ፣
እግዚኦ ማለት ተውኩ።
ዝም ብዬ ተኮስኩ።

አንድ ሌሊት ወንበር ወደ መስኮቱ አስጠጋሁ፤
ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገርሁ።
ማሽኑ ዙሩን ጨርሶ ድንገት ጸጥ አለ፤
ጉልበቴም አብሮት እንደ ሰም ሸብረክ አለ።
ብርሃን አላየሁም፤ ድምፅም አልሰማሁ፤
እንቅልፍ ብቻ መጣ፤ ወለሉ ላይ እንደ ሕፃን ተኛሁ።

ወበቁ ሲያልፍ፣ አንድ ዓርብ፣ ማዳም ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አኖረች፤
"አራት ሰዓት" አለች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።
ለምን? አላውቅም። ዛሬም አልጠየቅኳትም።

ዓርብ ዓርብ ሐበሾች የሚከራዩት አዳራሽ አለ፣
ጫማው ደጁ ላይ ተከምሮ፣ ሕዝቡ ምድር ቤት የዋለ።
ከኋላ ተቀመጥኩ፤ የማውቀው ሰው የለም።
አንዲት እናት ዞሩ፤ እትዬ ዝማምነሽ፣
ትምህርት ቤት ጠራጊ፣ ሃያ ሁለት ዓመት በኩዌት።
"የክርስትና ስምሽ ማነው ልጄ?"
መልሱ ጠፋኝ። ቆይቶ፣ ቆይቶ ከሆዴ ወጣ፦
"ወለተ ሩፋኤል።"
እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

"አንቺ ነሽ?"

ከቦርሳቸው ያወጡት የመድኃኒት ካርቶን ነው፤
ጀርባው በእስክሪብቶ፣ በደቃቅ ፊደል የተሞላ ነው።
እናቴ፣ ድምፄ ሲጠፋባት፣ ለእረፍት ለመጣች ልጅ
ያቀበለችው ስም ነው፤ "ኩዌት ናት፣ ሌላ አላውቅም" ብላ በደጅ።
አርባ ሰባት ስም አለ፤ የእኔ ሠላሳ አራተኛ፤
እትዬ ዝማምነሽ ይጠሩታል፣ ሁልጊዜ ሰው ሲተኛ።
"መልክሽን መች አውቄው፤ ጥቁር ትሁን፣ ትሁን ቀይ፤
ስምሽ ነው የደረሰኝ፤ እሱን አነሣለሁ ወደ ላይ።
አንዳንድ ሌሊት ግን፣ ካንቺ ስደርስ፣
ጉልበቴ ከምንጣፉ አልነሣም ይላል።"

የትኛው ሌሊት? ልል አሰብኩና ተውኩት፤
ሒሳብ እንዳይሆንብኝ ፈራሁት።

ደመወዜ ዛሬም አልተከፈለ።
ከስሞቹ አሥራ አንዱ አጠገብ ትንሽ መስቀል አለ፤
ያረፉ ናቸው።
"ለእነሱም ጸልየው ነበር?" ስላቸው
"አዎ" አሉ፣ "ልክ እንዳንቺው አድርጌ።"
ሌላ አልጨመሩም። ካርቶኑን በሁለት እጃቸው አጠፉት፣
እንደገና ዘረጉት።

"ከታች ቦታ አለ፤ ሰው ካለሽ ጻፊ።"
እስክሪብቶው እጄ ላይ ቆየ።
የክርስትና ስም የላትም። ቁልፍ አላት፤ ብዙ ቁልፍ።
ግን ሌሊት፣ ድምፁን እንዲሸፍንላት ውኃ ከፍታ፣
ስታለቅስ ሰምቻታለሁ።
"ማዳም" ብዬ ጻፍኩ።

መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ።
"ይኼ ደግሞ ስም ነው?"
"እሱ ያውቀዋል" አልኩ።

ዛሬ ካውያ ስይዝ በእሷ ቀሚስ እጀምራለሁ።
አንድ እግዚኦ።